ሳቄን በሲሚንቶ የቀረጹት ሴት

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሱቃችን በሰው ግጥም ብሎ ሳለ፣ አንዲት ወፍራም ደንበኛዬ ለባሏ የመረጠችውን ብርድ ልብስ ተከናንባ መሬቱ ላይ ዘፍ አለች። «ባሌ እሑድ እሑድ እንዲህ ነው» ብላ ማንኮራፋት ጀመረች። አንኮራፍታ ስታበቃ አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣ በባሏ ድምፅ፣ «ምሳ ደረሰ?» አለች። ያኔ ሳቄ አመለጠኝ።

ስለ ሳቄ አስቀድሜ መናገር አለብኝ። እንደ ሌላ ሰው ሳቅ አይጀምርም። መጀመሪያ ትንፋሼ ወደ ውስጥ ይሳብና ቀጥ ይላል፤ የማያውቀኝ ሰው ውሃ ሊያመጣልኝ ይሮጣል። ቀጥሎ ከሆዴ የሆነ ነገር ተንደርድሮ ይወጣል፤ አንዴ ከወጣ መያዣ የለውም። ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዬ ይወርዳል፣ አፌ እንደተከፈተ ይቀራል። አገሬ ከምባታ ነው፣ ዱራሜ አጠገብ። እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አደራሽን እንዳትስቂ» ትለኝ ነበር፤ እንዲያ ስትለኝ ደግሞ ይብስብኛል። ጆሃንስበርግ ከመጣሁ በኋላም የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን መሪ ከመሃል አንስቶ ከማይክሮፎኑ ርቄ ዳር እንድቆም አድርጎኛል።

ያን ቀን ሳቄ ገና ሳይበርድ የጓሮው በር ተበረገደና የቤቱ ባለቤት እያነከሱ ሮጠው ገቡ።

ሮዘተንቪል በሚባል የጆሃንስበርግ ሰፈር የአንድ አሮጌ ቤት የፊት ክፍሎች ተከራይተን፣ ባለቤቴና እኔ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃና የልጆች ልብስ እንሸጣለን። የቤቱ ባለቤት ከጓሮ ብቻቸውን የሚኖሩ ብራዚላዊት አሮጊት ናቸው። ሰፈሩ «ጎጎ» ይላቸዋል፣ በዙሉ አያት ማለት ነው። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ። ከዚያ ቀን በፊት ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። የማውቀው አንድ ጊዜ ቀራፂም ሠዓሊም እንደነበሩ፣ ባላቸው እንደሞተባቸው፣ አሁን ትናንሽ ወፎች ብቻ በቀለም እየሣሉ እንደሚውሉ ነበር። ጓሮው በላስቲክ በተሸፈኑ ነገሮች ተሞልቷል፤ እኔ አሮጌ ዕቃ ይመስለኝ ነበር።

ያን ቀን የወንድ ቱታ ለብሰዋል። እጃቸው እስከ ክርናቸው ድረስ ሰማያዊ ቀለም ነክቶታል። ነጩ ጸጉራቸው ውስጥ የቀለም ብሩሽ ተሰክቷል።

«ማነው የሳቀው?» አሉ፣ ፖርቱጊዝ በተቀላቀለበት እንግሊዝኛቸው።

ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ባለቤቴ ጭምር፣ በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ይቅርታ እማማ፣ ረበሽኩዎት...»

«ድገሚው!»

«ምኑን?»

«ሳቁን! ድገሚው፣ ልጄ፣ ድገሚው!»

ሳቅ ድገሚ ሲባል ይደገማል? አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ደንበኞቼ እየጠበቁ ናቸው። እማማ አንገታቸውን ዘመም አድርገው፣ እንደ ሐኪም ጆሯቸውን ወደ ደረቴ አስጠግተው ቆመዋል። ባለቤቴ ሲበዛ ኮስታራ ሰው ነው፤ ሠርጋችን ላይ የተነሳው ፎቶ እንኳን ለቅሶ ቤት የተነሳ ይመስላል። እሱ በዚያ ፊቱ፣ በአማርኛ፣ «ሳቂላቸው እንጂ፤ ሴትየዋ ቆመው ሊቀሩ ነው» አለኝ።

በቃ። ተንደርድሮ ወጣ። እማማ በሁለት እጃቸው ጉንጬን ያዙ። ሳቄ ውስጤ ሲንፈራፈር እሳቸው ጉንጬን፣ አገጬን፣ ጉሮሮዬን በጣታቸው ይዳብሳሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሳቄ ሲበርድ፣ «አገኘሁት» ብለው ወጡ። እኔም ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብስ ስሸጥ ዋልኩ። ማታ በሩን ዘግቼ መስታወት ሳይ ጉንጮቼ ላይ አሥሩም ጣታቸው በሰማያዊ ቀለም ታትሟል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት ባለቤቴን።

«ያማረብሽ መስሎኝ» አለ።

*

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማማ ጓሮ ጠሩኝ። ላስቲኮቹን አንድ በአንድ ገለጡልኝ። ከሥር ክንፋቸው የተዘረጋ የድንጋይ መላእክት፣ ሕፃን ያቀፉ የእንጨት ሴቶች፣ ራሱን ቀና አድርጎ ጡሩምባ የሚነፋ የብረት ሰውዬ ነበሩ። ግድግዳው ላይ የተደገፉት ሥዕሎች ውስጥ ወንዙ ቀይ፣ ሰማዩ ብርቱካናማ ነው። ያን ያህል ጊዜ የልብስ ማስጫ ገመዴን አስሬ የኖርኩት የመልአክ ክንፍ ላይ ኖሯል።

«ሳቅሽን ልቀርጸው ነው» አሉኝ። «ፈገግታ ማንም ይሠራል። ሳቅ ግን አይቆምም፣ ሲሚንቶ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ዕድሜዬን ሙሉ ሞክሬ አልሆነልኝም። አሁን ግን አንቺ ግድግዳዬን አልፈሽ መጣሽ።»

«ትንሽ ነገር ነው የሚሠሩት አይደል?» አልኩ፣ እንደ ወፎቹ መስሎኝ።

እጃቸውን ከጋራዡ ወለል ወደ ጣሪያው አነሱ።

እንዲህ ሆኖ በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ እቀመጥ ጀመር። ችግሩ አለመሳቄ ነበር። ሳቅ ሲጠብቁት ይሰወራል። እማማ ምላሳቸውን አወጡ፣ እንደ ዶሮ ተራመዱ፣ አፍንጫቸው ላይ ጭቃ ለጥፈው ዞሩልኝ፤ እኔ በአክብሮት ተቀምጬ አያለሁ። አሮጊት ሴት ላይ እንዴት ይሳቃል? በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው ከጎኔ ተቀመጡና፣ እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ ሽቦ እያጣመሙ፣ ስለ ራሳቸው ያወሩልኝ ጀመር። ያኔ ነው የተያዝኩት።

አባታቸው አንድ ትልቅ ወንዝ ዳር የሚኖር የጀልባ አናጺ ነበር። በየጀልባው አፍንጫ ላይ ግማሹ አንበሳ፣ ግማሹ ሰው የሆነ፣ ጥርሱ የገጠጠ ጭንቅላት ከእንጨት ይቀርጻል፤ የወንዙን ጋኔን እንዲያስፈራ። እማማ ልጅ ሆነው ፍቅፋቂ ሲለቅሙ ከቆዩ በኋላ አንድ ቀን ራሳቸው አንድ ጭንቅላት ቀረጹ። አባታቸው አገላብጦ አየውና፣ «ልጄ፣ ይሄ ይስቃል! ይሄ ጋኔን አያባርርም፤ ምሳ ይጋብዘዋል እንጂ» አለ። አንድ ጀልበኛ ግን ወደደውና ወሰደው። ያ ጀልባ እስኪያረጅ ድረስ አልሰመጠም። ጀልበኛው ሲጠየቅ፣ «ጋኔኑማ መጥቶ ነበር፤ ሲያየው ግን በሳቅ ጉልበቱ ከዳው» ይል ነበር አሉ።

እኔ ሳቅኩ። እማማ ሽቦውን ጥለው ወደ ጭቃው ሮጡ።

ሌላ እሑድ ደግሞ ስለ ከተማው ነገሩኝ። ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ሊማሩ ሲሄዱ፣ «ለሴት ልጅ ሥዕል ይበቃታል፤ ድንጋይ ለወንዶች ነው» ተባሉ። እሳቸው ቀን ቀን ሥዕሉን ይማራሉ፤ ወንዶቹ ምሳ ሲወጡ ደግሞ ድንጋዩን ይቆርጣሉ። ዳቦ የሚበሉት ለአደባባይ ጭፈራ በዓል ከወረቀትና ከሙጫ ግዙፍ ጭንቅላቶች እየሠሩ ነበር። አንድ ዓመት የሠሩት ንጉሥ በሰልፉ መሃል ዝናብ ወረደበት። አፍንጫው መጀመሪያ ዘመም አለ፣ ከዚያ ተንጠለጠለ፣ ከዚያ ከሥሩ በሚሄደው የሙዚቃ ጓድ ላይ ተዘረገፈ። ሙዚቀኞቹ አላቆሙም። ከአፍንጫው ሥር ጡሩምባ እየተሰማ፣ አፍንጫው ብቻውን መንገዱን ይዞ ሄደ። ሕዝቡ የትርኢቱ አካል መስሎት አብዶ አጨበጨበ። በሚቀጥለው ዓመት አዘጋጆቹ መጥተው፣ «የሚወድቅ አፍንጫ እንፈልጋለን» አሏቸው።

«ሠሩላቸው?»

«ሠራሁ እንጂ! ግን ያን ዓመት ዝናብ የለም። ንጉሡ ኮርቶ አለፈ፤ ሰዉ እኔ ላይ ጮኸብኝ።»

አንዲት ትንሽ ከተማ ደግሞ በፈረስ ላይ የተቀመጠ የጄኔራል ሐውልት አዘዘቻቸው። ለማየት የሚቀርባቸው ፈረስ ስላልነበረ የጎረቤታቸውን አህያ እያዩ ሠሩ፤ ጆሮውን አሳጥረዋለሁ ብለው ነበር፣ ረሱት። በምረቃው ቀን መጋረጃው ሲወርድ ሕዝቡ ጸጥ አለ። የጄኔራሉ ሚስት ቀረብ ብለው ቀና አሉ። እንባቸው መጣ። «ወይኔ፣ ቁርጥ እሱን!» አሉ። የሚያዩት ግን ጄኔራሉን አልነበረም፤ አህያውን ነበር።

እዚህ ላይ ከባልዲው ወደቅሁ። እማማ ሊያነሱኝ አልመጡም። «እንዳትነሺ! እንደዚያው ሁኚ!» እያሉ ሲሚንቶው መሬት ላይ ተጋድሜ እንደሳቅሁ ሣሉኝ።

ጆሃንስበርግ የመጡት ሥራቸውን ለማሳየት፣ ለአጭር ጊዜ ብለው ነበር። በዚሁ በእኛ መንገድ ላይ አንድ ዳቦ ቤት ገብተው በማያውቁት እንግሊዝኛ ዳቦ ሲጠይቁ፣ ከጥግ አንድ ነጭ ሐውልት በፖርቱጊዝ መለሰላቸው። ሐውልት አልነበረም፤ ከራሱ እስከ ጫማው ዱቄት የለበሰ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ የማዴራ ደሴት ሰው። ሻንጣቸውን ሊያመጡ እንኳ ራሳቸው አልተመለሱም፤ እሱን ላኩት።

ከዚያ በኋላ ኑሯቸው የአንበሳ ሥራ ሆነ። በሰሜን በኩል ያሉ ሀብታሞች በራቸው ግራና ቀኝ የሚቀመጥ የሲሚንቶ አንበሳ ይፈልጋሉ። እማማ አንበሳ አይወዱም። ስለዚህ ለሁሉም የባላቸውን ፊት ሰጧቸው፦ ወፍራም ቅንድብ፣ የተነፋ ጉንጭ፣ ትንሽ እንቅልፍ ያልጠገበ ዓይን። አንድ ቀን ባላቸው ወደ አንዱ ቤት ዳቦ ይዞ ሄደ። በሩን የከፈተችው ልጅ አየችው፣ ወደ አንበሳው ዞረች፣ እንደገና ወደ እሱ፤ ከዚያ «እማዬ! አንበሳው ዳቦ ይዞ መጣ!» እያለች ወደ ውስጥ ሮጠች።

ይህንን ነግረውኝ ሲያበቁ ሽቦ አነሱ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ፣ እኔ እስክስቅ ድረስ፣ ጭቃ እንዳልነኩ ያን ጊዜ ነገሩኝ። «እጄ ላይ ዝም አለብኝ» አሉ። «ወፍ ግን ቀላል ናት። ወፍ ማንንም አትመስልም።» የያዙትን ሽቦ በሌላው ጫፍ ያዝኩላቸው። አብረን አጣመምነው፤ ያ የሠራነው ነገር በኋላ የግራ ጆሮዬ ሆነ።

*

ጭንቅላቴ ጋራዡ ውስጥ አደገ። ብረቱ ቆመ፣ የሽቦ መረቡ ለበሰው፣ ሲሚንቶው ደግሞ ባለቤቴና እኔ እያቦካን፣ እሳቸው መሰላል ላይ ሆነው እየለጠፉ ተነሳ። ባለቤቴ መጀመሪያ አልተስማማም ነበር። «የተቀረጸ ምስል አይደለም እንዴ?» አለኝ አንድ ማታ። ከነገሩ በላይ ነገሩን ማሰቡ ስለሚያደክመው ሄዶ ከቤተ ክርስቲያናችን አንዱን ሽማግሌ ይዞ መጣ። ያን ቀን ያለቀው አፉ ብቻ ነበር፤ እስከ ላንቃው የተከፈተ፣ ምላሱ እንደ ፍራሽ የሰፋ፣ የፊት ጥርሴ ፍንጭት የሰው ክንድ የሚያስገባ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ ይሰገድለታል ብላችሁ አትስጉ» አሉ በመጨረሻ። «ይሸሹታል እንጂ።» ከዚያም ኮታቸውን አውልቀው ሲሚንቶ ለማቡካት አገዙን።

ሲደርቅ እማማ ቀለሙን አመጡ። ሠዓሊነታቸው ያኔ ነው የገባኝ። የእኔ ፊት ቡናማ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ እሳቸው ውስጡ ወይን ጠጅ አዩ፣ ቢጫ አዩ፣ ጉንጬ ሲወጠር አረንጓዴ የሚመስል ጥላ አዩ። ሻሼ ላይ ከሱቃችን ብርድ ልብሶች የመረጡትን አበባ ሁሉ ሣሉበት። ሥራውን ሲጨርሱ ከመሰላሉ ወርደው፣ «እዩ እንግዲህ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ሦስታችንም ቆመን አየን።

ቀድሞ የተናገረው ባለቤቴ ነበር። «እማማ፣ በየት ነው የሚወጣው?»

ጋራዡን አየን። በሩን አየን። እኔን፣ ማለቴ ያንን፣ አየን። የበሩ ወርድ ከአፌ ጠባብ ነበር።

እማማ በደስታ አጨበጨቡ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው! አባቴም አንድ ጊዜ ቤት አፍርሷል!» መዶሻ ለባለቤቴ ሰጡት። ያ ኮስታራ ሰው አንድ ጊዜ መታ፣ ሁለተኛ መታ፣ ከዚያ ግድግዳው ሲናድ ፊቱ ላይ ሠርጋችን ቀን ያጣሁትን ብርሃን አየሁ። ጎረቤቶች እየመጡ «እኔም ልምታ» አሉ። ግድግዳ ማፍረስ ሰው እንዲህ እንደሚወድ አላውቅም ነበር።

በከተማው መሃል ያለ አንድ የሥነ ጥበብ አዳራሽ ሥራቸውን ሊያሳይ ተስማምቶ ስለነበር፣ ኮዝሞ ሲቲ ሰፈር ሱቅ ያለው የአገራችን ልጅ ትልቁን ባኪውን፣ ኋላው ክፍት የሆነውን የጭነት መኪናውን፣ ይዞልን መጣ። ጭንቅላቱን ሰፈርተኛው ሁሉ ተሸክሞ ኋላው ላይ ጫነው። በብርድ ልብስ አንገቱን ጠቀለልነው፣ በገመድ አሠርነው። እኔ ከኋላ ጆሮዬን አቅፌ ቆምኩ። እማማ ከሾፌሩ ጎን ሆነው ግማሽ አካላቸውን በመስኮት አወጡ።

ወደ ከተማ ስንወርድ መብራት ጠፍቶ ሮቦቶቹ ሁሉ አይሠሩም፤ እዚህ የትራፊክ መብራትን ሮቦት ነው የምንለው። ከአራቱም አቅጣጫ መኪና ተፋጧል፣ ታክሲዎቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ ይሰዳደባሉ። የእኛ ባኪ መሃሉ ገብታ ቆመች። አጠገባችን የቆመው ታክሲ ውስጥ ያለች ሴት ቀና ብላ አየች፤ «ሃይቦ!» ብላ ጮኸች፣ ምን ጉድ ነው እንደማለት። ታክሲው ሙሉ ወደ መስኮቱ ተጋፋ።

«ሲሲ፣ እህቴ፣ ይሄ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ዋሸሽ! ሳቂ እስኪ!»

ያን ጊዜ መሳቅ አያስቸግረኝም ነበር። የራሴን ጆሮ አቅፌ፣ መንገድ መሃል፣ እማማ በመስኮት ተንጠልጥለው «አዎ እሷ ናት! እሷ ናት!» እያሉ። ሳቄ ሲወጣ ታክሲው ውስጥ ያሉት ሴቶች እልል አሉ። ሾፌራቸው በጡሩምባው ምት መምታት ጀመረ፣ ከኋላው ያለውም ተቀበለው፣ ሲሰዳደቡ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ከየመኪናቸው ወርደው ፎቶ ሊያነሱ መጡ። በመሃል መንገድ በፈቃዱ መኪና የሚያስተናብር፣ ጓንት ያጠለቀ ሰው ነበር። ጭንቅላቱን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ፊሽካውን ነፋ፣ ሌላውን መንገድ ሁሉ በእጁ አገደ፤ ፕሬዚዳንት እንደሚያሳልፍ ሰላምታ ሰጥቶ እኔን አሳለፈኝ። ሁለታችንንም።

*

የምረቃው ዕለት የቤተ ክርስቲያን ልብሳችንን ለብሰን ሄድን። የመዘምራኑ መሪም ከነቡድኑ መጥቷል። አዳራሹ ነጭ ነው፣ ሰዉ በሹክሹክታ ይናገራል። ጭንቅላቴ መሃል ላይ በመብራት ተከቦ ቆሟል። ሰዎች ቀርበው በአክብሮት አፌ ውስጥ ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ያልፋሉ። አንድም የሚስቅ የለም። የእማማ ድካም መና የቀረ መሰለኝ። እሳቸውም በረጅሙ ጥቁር ቀሚሳቸው ውስጥ አንሰው፣ «ሳቅሽ ሞቶብኛል መሰለኝ» አሉኝ በጆሮዬ።

ባለቤቴ ግን ሰዎቹ ከማለፋቸው በፊት ጎንበስ ብለው የሚያነቡትን ነገር አይቶ ነበር። ግድግዳው ላይ የተለጠፈች ትንሽ ነጭ ካርድ ናት። ሄዶ አነበበ። ተመልሶ መጣ። በዚያ በለቅሶ ቤት ፊቱ፣ «የሚያገሳ አንበሳ ይላል» አለ።

«ምን?»

«ካርዱ። 'የሚያገሳ አንበሳ' ይላል።»

የአዳራሹ ሠራተኞች ስለ እማማ የድሮ ሥራ ሲጠይቁ አንበሶቹን ሰምተዋል፤ የላክንላቸው ፎቶ ደግሞ አፉን ብቻ ያሳያል። እናም ያን ሁሉ ጊዜ ያ ሁሉ ሰው እኔን እንደ አንበሳ ቆሞ ሲያየኝ ነበር። እማማ መነጽራቸውን አደረጉ። ካርዱን አነበቡ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና አለቀሱ ብዬ ልይዛቸው ሄድኩ። አላለቀሱም። እየሳቁ ነበር። ያን ሁሉ እሑድ እሳቸው እኔን ሲያስቁኝ የራሳቸውን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ እንደ አይጥ ጩኸት ቀጭን፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሳቅ ነው። «አሁንም አንበሳ!» አሉ። «እዚህም አንበሳ!»

ትንፋሼ ወደ ውስጥ ተሳበ። የመዘምራኑ መሪ ምልክቱን ስለሚያውቅ ከአጠገቤ ፈቀቅ አለ። ከዚያ ፈነዳ። ነጩ አዳራሽ ተቀብሎ አስተጋባው። ሰዎቹ ዞረው እኔን አዩ፣ ከዚያ ጭንቅላቱን፣ እንደገና እኔን፤ የተከፈተውን አፍ፣ የተጨፈኑትን ዓይኖች፣ ፍንጭቱን። አንዲት ሴት ብርጭቆዋን ይዛ «ኦ!» አለች፤ የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ከዚያ ጎኗ ያለው፣ ከዚያ ሁሉም። በሹክሹክታ ሲያወራ የነበረ ሰው ሁሉ ተያይዞ ሲስቅ፣ የመዘምራኑ መሪ ራሱ ግድግዳ ተደግፎ ሆዱን ይዞ ነበር። እማማ ከጸጉራቸው ቀለሙ ገና ያልደረቀ ብሩሽ መዘዙ፣ ለካ ያን ቀንም ሰክተውት ነበር፣ ካርዱ ላይ «አንበሳ» የሚለውን ሰርዘው «ልጄ» ብለው ጻፉ።

ያን ዕለት አሌክሳንድራ በሚባለው የድሆች ሰፈር ውስጥ የሕፃናት መዋያ ያላት አንዲት ሴት አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ትርኢቱ ሲያበቃ መጥታ እማማን፣ «ግቢያችን አቧራ ብቻ ነው። እሷን ቢሰጡኝስ?» አለቻቸው። ሌሎችም ጠይቀው ነበር፣ ትልልቅ ቤት ያላቸው ሰዎች። እማማ ግን አላመነቱም። «ልጆች ይወጡበታል?» ብለው ጠየቁ።

«ካልከለከልናቸው ይወጡበታል።»

«እንግዲያው እንዳትከለክሏቸው» አሉ።

*

ባለፈው ክረምት ሄደን አየነው። አሌክሳንድራ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ስፓዛ በሚባሉት ትናንሽ የሰፈር ሱቆችና በልብስ ማስጫዎች መሃል መንገዱ እየጠበበ ይሄዳል። ግቢው ጋ ስንደርስ መጀመሪያ የሰማሁት የልጆች ጫጫታ ነበር። ጭንቅላቴ ከግቢው ጥግ ቆሟል። አፍንጫዬ ቀለሙ ተልጧል፣ ከመንሸራተት ብዛት። ታችኛው ከንፈሬ ላይ ልጆች ተደርድረው ተቀምጠው ዳቦ ይበላሉ። አንዷ በፍንጭቴ በኩል እጇን አሹልካ ጓደኛዋ እንድትጨብጣት ትጠብቃለች። ጆሮዬ ውስጥ አንድ ሕፃን እግሩን አጣጥፎ ተኝቷል።

እማማ ቦርሳቸውን አስያዙኝ። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ።

«እማማ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«አየዋለሁ።»

«ከዚህ ይታያል እኮ!»

አልሰሙኝም። ልጆቹ እጃቸውን እየሳቡ፣ ከኋላ እየገፉ አገዟቸው። እማማ አገጬን ረገጡ፣ ከንፈሬን፣ ጉንጬን፤ በአበባው ሻሽ ላይ ተንፏቀው አናቴ ላይ ጉብ አሉ። ልጆቹ «ጎጎ! ጎጎ!» እያሉ ዘለሉ። መውረዱ ግን አልተቻለም። ጉልበታቸው እንቢ አለ። የመዋያው ባለቤት ደንግጣ መሰላል ልትዋስ ወደ ጎረቤት ሮጠች፤ ባለቤቴ ከሥር ሆኖ ብርድ ልብስ ዘርግቶ «ቢወድቁ እቀበላቸዋለሁ» ብሎ ቆመ። እኔ ከሥር እጮሃለሁ፣ እሳቸው ከላይ በባዶ እግራቸው ግንባሬን እየደበደቡ ይስቃሉ፤ በዚያ በአይጥ ሳቃቸው።

መሰላሉ መጣ። ባለቤቴ ወጥቶ እጁን ዘረጋላቸው።

«ትንሽ ቆይ» አሉት። «ከዚህ የሳንድተን ሀብታሞች ፎቆች ይታያሉ። አቤት፣ እንዴት አስቀያሚዎች ናቸው!»

ልጆቹን በየተራ ወደ ላይ አስወጥተው ፎቆቹን ሲያሳዩ፣ የትኛውን በምን ቀለም ቢቀቡት እንደሚሻል ሲከራከሩ ቆዩ። አንዱ ልጅ «ሁሉንም ቀይ!» አለ። እማማ ከልባቸው አሰቡበት፣ «ግማሾቹን» ብለው ተስማሙ። ባለቤቴ መሰላሉ ላይ እጁን እንደዘረጋ ጠበቀ።